ሽብልቁና ወረቀቱ

የጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እኛ ሰፈር አዘዞ ስለሆነ፣ ለጥምቀት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው ጎንደር ሲደርስ መጀመሪያ የሚረግጠው የእኛን መሬት ነው። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጥር በገባ ቁጥር ቤት ለቤት እየዞርኩ ከማያቸው ብዙዎቹ ጉልበታቸውን ውጭ አገር ያስቀየሩ እናቶች ናቸው።

ባለፈው ጥር አንዲት እናት ዘንድ ተጠራሁ። በርጩማ ላይ ሊቀመጡ ሲሉ ልጃቸው ሮጣ ከፍ ያለ ወንበር አቀረበችላቸው። የመጀመሪያው ጉልበት ላልቶባቸው በድጋሚ ተቀይሮላቸዋል። ራጁን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ጭናቸው ጫፍ ላይ ብረቱ፣ ቅልጥማቸው ላይ ትሪ የምንለው ጠፍጣፋ ብረት አለ፤ በመካከል ያለው ፕላስቲክ ራጅ ላይ ስለማይወጣ ክፍተት ይመስላል። ከትሪው ሥር በአንድ ወገን ወፈር ያለ ብረት ተደርቧል፤ ከመሀሉ ደግሞ ረጅም ዘንግ ወደ መቅኔው ይወርዳል።

«ይሄስ ምንድን ነው ልጄ?»

«ሽብልቅ ነው እማማ።»

አናጢ ያጋደለ አልጋ ሲያቀና የሚያደርገውን ነው ሐኪሙ ያደረገው። የተበላውን አጥንት ቦታ አምስት ወይም አሥር ሚሊ ሜትር በሚወፍር ብረት ይሞላል፤ በብሎን ወይም በአጥንት ሲሚንቶ ከትሪው ጋር ያስረዋል። ዘንጉ ሸክሙን ከደከመው አጥንት ወደ ጤነኛው ያሻግራል። እ.ኤ.አ. በ1974 የአጥንት ቀዶ ሐኪሙ ጆን ኢንሳል ኒውዮርክ ላይ መግጠም የጀመረው ሰው ሠራሽ ጉልበት የቅልጥሙ ክፍል አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነበር። ዛሬ እየተለካ ይገጣጠማል። ብረት ከብረት በተጋጠመበት ሁሉ ግን መፋተግ አለ፤ ብሎኑም ልኩ በታወቀ መፍቻ የሚጠብቀው ለዚህ ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሽብልቅ ከሌላው ትሪ ጋር አይገጥምም፤ ቀዳዳውም የብሎኑም ጥርስ ይለያያል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፕላስቲኩ ያለቀባቸው አንድ አባት ነበሩ። ጉልበቱ የማን ሥራ እንደሆነ የሚናገር ወረቀት ጠፋ፤ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገላቸው ሆስፒታል ለልጆቻቸው መልስ እስኪሰጥ አራት ወር በምርኩዝ ተንገላቱ። ገና ከመጀመሪያው ቀን ወረቀቱን አለመጠየቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ እኚህን እናት አስቀድሜ ጠየቅኋቸው። ዳዊታቸውን ገልጠው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የእያንዳንዱ ዕቃ ስም፣ መጠንና ቁጥር ያለባቸው ትንንሽ ተለጣፊዎች ተደርድረውበታል፤ የሽብልቁም፣ የዘንጉም አለ። ልጃቸው በስልኳ ፎቶ አነሳችው፤ ለእኔም ላከችልኝ።

«ስግደቱስ?» አሉኝ ወረቀቱን እየመለሱ። «ሁዳዴ ደርሷል እኮ።»

ጉልበታቸውን ለካሁት፤ 95 ዲግሪ ይታጠፋል። ወንበሩን ከፊታቸው አቆምኩና ከወገባቸው እንዲያጎነብሱ አሳየኋቸው። የልጃቸውን ትከሻ ይዘው ቀስ ብለው ዝቅ አሉ፤ ጣታቸው የወንበሩን መቀመጫ ሲነካ ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።