የማኅበሩ ሒሳብ ከቤት ሲሠራ፤ በአነስተኛ ዋጋ ላፕቶፕ እንዴት ይመረጣል?

በአድአ ወረዳ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሁለት ላፕቶፕ ኮምፒዩተሮች አሉት። አንደኛው በማኅበሩ መጋዘን መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ሁለተኛው በሒሳብ ሠራተኛዋ ቤት በየቀኑ ሥራ ላይ ይውላል። ሁለቱም የተገዙት በአባላት ገንዘብ ነው። የአንዱና የሌላው ዕጣ ለምን እንደተለያየ ማወቅ ለሌሎች ማኅበራት መሪዎችም ስለሚጠቅም የዛሬው ጽሑፋችን በዚሁ ላይ ያተኩራል።

ማኅበሩ ለአባላቱ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ያከፋፍላል፤ ጤፍና ምስርም ይገዛል። የመጋዘኑ ጽሕፈት ቤት የኤሌክትሪክ መስመር አልገባለትም። የሒሳብ ሠራተኛዋ ደግሞ ጡት የሚጠባ ሕፃን አላት። ስለሆነም ኮሚቴው መክሮ፣ መብራት ባለበት በራሷ ቤት ሆና ሒሳቡን እንድትሠራና ለዚሁም አንድ ላፕቶፕ እንዲገዛ ወሰነ። ውሳኔው መልካም ነበር። ችግሩ የመጣው ከአገዛዙ ነው።

የመጀመሪያው ግዢ

ሊቀ መንበሩና ገንዘብ ያዡ ወደ ከተማ ወጥተው ዋጋው የቀለለና መልኩ ያማረ አንድ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዙ። በላዩ ላይ «አይ7» የሚል ምልክት ተለጥፎበታል። ሲበራ ከማየት በቀር ሌላ ነገር እንዳልጠየቁ ሊቀ መንበሩ ሳይሸሽጉ ይናገራሉ።

መብራት በጠፋ ቁጥር ላፕቶፑ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይቆይም ነበር። የዩሪያ ማዳበሪያ በሚታደልበት ሰሞን በሞተር ብስክሌት ተጭኖ ወደ መጋዘኑ ሲሄድ መንገዱ አንገጫገጨው፤ ከዚያ በኋላ መረጃ የሚቀመጥበት ዲስክ አልሠራም አለ። የአሥራ አንድ ቀን ምዝገባ ጠፋ። ሌላ ቅጂ አልነበረም። ማን ስንት ከረጢት በዱቤ እንደወሰደ በኮምፒዩተሩ ማረጋገጥ ስላልተቻለ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንዳንድ አባላት ገንዘባችን ተበላ ሲሉ ተነሡ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሕፃኑን እያስተኛች ሌሊት ሌሊት የደረሰኝ ቅጂዎችን እያገላበጠች ሒሳቡን እንደገና አቃናችው። አንድም ጉድለት አልተገኘም። ይሁን እንጂ በኮሚቴው ላይ የነበረው እምነት ቶሎ አልተመለሰም።

ጥርሱን ማየት

በሬ ለመግዛት ገበያ የወጣ ገበሬ በቆዳው ማማር አይታለልም። አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሰኮናውን ይመረምራል፤ ሲራመድም ይመለከታል። ላፕቶፕም እንደዚሁ ነው።

የላፕቶፕ ዕድሜ የሚታወቀው በፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። የተለጠፈው ምልክት ሊቀየር ስለሚችል መታመን ያለበት በኮምፒዩተሩ ውስጥ የሚነበበው መረጃ ነው። የኢንቴል ፕሮሰሰር «አይ5-6300» ቢል ስድስተኛ ትውልድ፣ «አይ5-8250» ቢል ስምንተኛ፣ «አይ5-10210» ቢል አሥረኛ ትውልድ ማለት ነው። «አይ7» ሁልጊዜ ከ«አይ5» ይበልጣል ማለትም ስሕተት ነው። ለምሳሌ «አይ7-6600» የሚባለው የላፕቶፕ ፕሮሰሰር ኮር የሚባሉት የሥራ ክፍሎቹ ሁለት ሲሆኑ፣ ከእርሱ በኋላ የወጣው «አይ5-8250» ግን አራት አሉት።

ትውልዱን ማየት ለሌላም ምክንያት ያስፈልጋል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከስምንተኛ ትውልድ በታች የሆኑ የኢንቴል ፕሮሰሰሮችን በይፋ አይቀበልም። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነውን መምረጥ ይበጃል። የማኅበሩ አቅም ከዚያ በታች ከሆነ ሊኑክስና ሊብሬኦፊስ የተባሉትን ፕሮግራሞች ያለ ክፍያ አስጭኖ የሒሳብ ሥራን ማካሄድ ይቻላል።

ለደብዳቤ፣ ለሒሳብ ሠንጠረዥና በቪዲዮ ለሚደረግ ስብሰባ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል። መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል ኤስኤስዲ የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ 256 ጊጋባይት ለአንድ ማኅበር መዝገብ ይተርፋል። ኤስኤስዲ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ፈጣን ነው፤ የመንገድ መንገጫገጭንም ከቀድሞው ሃርድ ዲስክ ይልቅ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር መረጃውን ያጣው በሃርድ ዲስኩ ምክንያት ነበር።

የባትሪው ነገር

መብራት በሚቆራረጥበት ቀበሌ ባትሪ ዋነኛ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ያለበት ላፕቶፕ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣበት ትእዛዝ ስላለው ሻጩ ይህን ዘገባ አውጥቶ እንዲያሳይ ጠይቁ። በዘገባው ላይ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን የሚይዘው መጠን ጎን ለጎን ይታያል። አዲስ ሳለ 50 ዋት-ሰዓት ይይዝ የነበረ ባትሪ ዛሬ 20 ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ 10 ዋት ያህል በሚፈጅ የጽሕፈት ሥራ ላይ 5 ሰዓት መቆየት ሲገባው የሚቆየው 2 ሰዓት ነው። እንዲህ ያለውን የሚገዛ ማኅበር የአዲስ ባትሪ ዋጋ አስቀድሞ ከሒሳቡ ውስጥ ማግባት አለበት።

ከሻጩ ፊት

ለመሥሪያ ቤት አገልግሎት ተብለው የተሠሩት የሌኖቮ ቲንክፓድ፣ የዴል ላቲቲዩድና የኤችፒ ኤሊትቡክ ያገለገሉት እንኳ ከብዙ ርካሽ አዲስ ላፕቶፖች የጠነከረ አካል አላቸው። የቀለም መላላጥ አያስደንግጣችሁ። ይልቅስ በመደብሩ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል አሠሩት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ በባትሪ ብቻ ሞክሩት፤ እያንዳንዱን ፊደል ተጫኑ፤ ካሜራውን፣ ድምፁን፣ ዋይፋዩንና የፍላሽ መሰኪያዎቹን ፈትሹ። አጥፍታችሁም እንደገና አስነሡት። ቀድሞ ያገለገለበት ድርጅት የቆለፈበት የይለፍ ቃል ካለ በዚህ ጊዜ ሊታወቅ ይችላል።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አምና የተሰማ ዋጋ ለዘንድሮ መመሪያ አይሆንም። ስለዚህ የምትፈልጉትን የላፕቶፕ ዓይነት በጽሑፍ ይዛችሁ በአንድ ቀን ከሦስት መደብሮች ፕሮፎርማ ሰብስቡ። ደረሰኙ ላይ የላፕቶፑ መለያ ቁጥርና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። ለቁጥጥር ኮሚቴውም ሆነ ለጉባኤው መልስ የሚሆነው ይኸው ወረቀት ነው።

ከተገዛ በኋላ

ጥሩ ላፕቶፕ መግዛት ብቻውን አይበቃም። ሥራው በሠራተኛዋ ቤት ስለሚካሄድ ላፕቶፑ የማኅበሩ ንብረት መሆኑ በርክክብ ሰነድ ይረጋገጥ፤ የይለፍ ቃልም ይኑረው። የኤሌክትሪክ ኃይል ከፍ ዝቅ ከሚያደርገው ጉዳት ለመጠበቅ በስታቢላይዘር በኩል ይሰካ። የዕለቱ ሥራ ሲያልቅ በፍላሽ ይገልበጥ፤ በየሳምንቱም ሌላ ቅጂ በሁለተኛ ፍላሽ ተደርጎ በገንዘብ ያዡ ዘንድ ይቀመጥ። ፍላሾቹ ለዘፈንም ሆነ ለፊልም አይዋሉ፤ ቫይረስ የሚዛመተው በዚህ መንገድ ጭምር ነውና። አማርኛው በዩኒኮድ ፊደል ይጻፍ። በአንዳንድ የቀድሞ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ሊነበብ አይችልም። የወረቀት ደረሰኝም በምንም ምክንያት አይቅር። የአድአውን ማኅበር ያዳነው እርሱ ነው።

ማኅበሩ ሁለተኛውን ላፕቶፕ ሲገዛ የሒሳብ ሠራተኛዋን ይዞ ሄደ። ሕፃኑ በአያቱ ዘንድ ዋለ። የገዙት ስምንተኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋባይት ራምና ኤስኤስዲ ያለው፣ ጠርዙ የተፋቀ ላፕቶፕ ነው። ባለፈው የማዳበሪያ ወቅት መብራት ደጋግሞ ቢጠፋም ምዝገባው አልተቋረጠም። በጉባኤው ዕለትም የእያንዳንዱ አባል ዕዳና ክፍያ ታትሞ በስም እየተጠራ ተነበበ። አምና ገንዘባችን ተበላ ብለው ከተነሡት አባላት አንዱ ወረቀታቸውን ተቀብለው ከኪሳቸው ካወጡት ደረሰኝ ጋር አስተያዩና ልክ ነው ብለው ተቀመጡ።

ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰባችሁ የማኅበራት መሪዎችም ከሁሉ አስቀድማችሁ ሥራው የሚጠይቀውን ለዩ። ወደ ገበያ ስትወጡ ደግሞ በላፕቶፑ የሚሠራበትን ሰው ይዛችሁ ውጡ።