ጨረሩ ሲቀንስ ምስሉ እንዳያሳስተን

ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. በ1971 ለንደን ውስጥ በሕመምተኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዋለ ወዲህ ሐኪሞች ሰውነትን ሳይከፍቱ ውስጡን እንዲያዩ አስችሏል። ዋጋው ግን ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ የታተመው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳንባ ምርመራ ጥናት እንዳሳየው፣ ብዙ ያጨሱ ሰዎች በአነስተኛ ጨረር ሲቲ ሲመረመሩ በተራ ራጅ ከተመረመሩት ይልቅ በሳንባ ካንሰር የሚሞቱት በ20 በመቶ ያንሳሉ። ሕመም ሳይሰማው ለሚመረመር ሰው ደግሞ ጨረሩ ባነሰ ቁጥር ይመረጣል። ታዲያ ለምን ይበልጥ አንቀንሰውም? ችግሩ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ኖይዝ ነው። የራጅ ጨረር ፎቶን በሚባሉ ቅንጣቶች ይመጣል፤ ስንቱ እንደሚደርስም በዕድል ይወሰናል። በአማካይ 10,000 ፎቶን ሲደርስ መለዋወጡ 100 ገደማ፣ ማለትም 1 በመቶ ነው። 100 ብቻ ሲደርስ ግን 10፣ ማለትም 10 በመቶ ይሆናል። ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ትንሽ ዕጢ በመካከሉ ትሰወራለች።

ሁለተኛው ወደ አንድ ወገን የሚያጋድል ስህተት ነው፤ በዓይን ስለማይለይ ይበልጥ ያሳስታል። ኮምፒውተሩ የሚያሰላው በፎቶኖቹ ቁጥር ሎጋሪዝም ነው። ሁለት ልኬቶች 50 እና 150 ቢሆኑ አማካያቸው 100 ነው። የሎጋሪዝሞቻቸውን አማካይ ወስደን ወደ ቁጥር ስንመልሰው ግን 87 ገደማ እናገኛለን። ያለፉት ፎቶኖች ያነሱ ስለሚመስሉ አካሉ ከሆነው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ተደርጎ ይሰላል። ጨረሩ እጅግ ሲያንስ ደግሞ የማሽኑ ኤሌክትሮኒክስ የሚፈጥረው ኖይዝ ንባቡን ዜሮ ወይም ኔጌቲቭ ሊያደርገው ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ ሎጋሪዝም የለም። በትንሽ ፖዘቲቭ ቁጥር ብንተካው የንባቦቹን አማካይ ከፍ አድርገን ሌላ ስህተት እንጨምራለን።

ይህ የሒሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በሃውንስፊልድ መለኪያ ውሃ 0፣ አየር −1000 ነው። ኤምፊዚማ የተባለው የሳንባ ጉዳት ስፋቱ ሲለካ ከ−950 በታች ያሉት ነጥቦች ይቆጠራሉ። ቁጥሩ ትንሽ ከተንሸራተተ የተጎዳው ሳንባ ጤነኛ፣ ጤነኛውም የተጎዳ ሊመስል ይችላል።

ስለዚህ የማስተካከያው ቅደም ተከተል ወሳኝ ነው። በመጀመሪያ፣ ሎጋሪዝሙ ከመወሰዱ በፊት፣ ደካማ ንባቦች የአካባቢያቸው አማካይ ሳይለወጥ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ይለሰልሳሉ። ቀጥሎ ምስሉ ሲገነባ ብዙ ፎቶን ላገኘ ልኬት የበለጠ፣ ጥቂት ላገኘ ያነሰ ክብደት ይሰጣል። የተረፈውን ነጠብጣብ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ማጽዳት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከሎጋሪዝሙ በኋላ ብቻ ብናለሰልስ ነጠብጣቡ ይጠፋል፤ ያጋደለው ቁጥር ግን እንዳጋደለ ይቀራል።

በሕክምና፣ በምህንድስናም ሆነ በኮምፒውተር ሳይንስ የምንማር እህቶችና ወንድሞች ከዚህ የምንይዘው አንድ ነገር አለ፤ የጠራ ምስል ሁሉ ትክክለኛ ምስል አይደለም። አዲስ የማጽጃ ዘዴ ሲቀርብልን «ነጠብጣቡ ጠፋ ወይ?» ብለን ብቻ አንለፈው፤ «አማካዩስ ተጠብቋል ወይ? ትንሿስ ዕጢ በቦታዋ አለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ።