ኒያኩሮን፦ ከአዲስ አበባ ስምምነት የተወለደው የጁባ መድረክ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ብዙ ሕዝብ አንድ ላይ የሚቆመው በአብዛኛው ለሦስት ጉዳይ ነው፦ ለገበያ፣ ለጸሎትና ለመንግሥት በዓል። ገበያውን ለማየት ከኮንዮ ኮንዮ የተሻለ ቦታ የለም። ሐበሻው፣ ኡጋንዳዊው፣ ዳርፉሬውና የአገሬው ሰው እዚያ እየተጋፉ ይገበያያሉ። ለቀሩት ለሁለቱ ደግሞ የደቡቡ ትግል መሪ ዶክተር ጆን ጋራንግ የተቀበሩበት ሜዳ አለ። የአገሪቱ ነፃነት ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም. በይፋ የታወጀው እዚያ ነው፤ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም ጥር 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ምእመን ቅዳሴ የመሩት እዚያው ነው። በስፋቱ ከሆነ ጁባ ውስጥ የሚወዳደረው ሜዳ የለም። ሆኖም የከተማዋ ወጣት ስለ ሙዚቃ ሲያወራ ቀድሞ የሚጠራው ከገበያው በስተምዕራብ ያለውን የኒያኩሮን የባህል ማዕከል ነው። ምክንያቱ፣ እንደ እኔ እምነት፣ ሕንፃው አይደለም፤ ሕንፃውስ ያን ያህል የሚያስደንቅ አይደለም። ኒያኩሮን ሰው ሳይሸጥ፣ ሳይጸልይና ለሹም ሳያጨበጭብ ከማያውቀው ሰው ጋር የሚቆምበት ቦታ ስለሆነ ነው።

የዚህ ግቢ መነሻ ለኛ ሩቅ አይደለም። አሥራ ሰባት ዓመት የዘለቀውን የመጀመሪያውን የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የቋጨው ስምምነት የተፈረመው የካቲት 19 ቀን 1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ነው። አብያተ ክርስቲያናት አሸማገሉ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም እጃቸውን አስገቡበት። በስምምነቱ ደቡቡ የራሱን አስተዳደር አገኘ፣ አቤል አሊየር የመጀመሪያው መሪ ሆኑ፣ ጁባም መናገሻ ሆነች። መናገሻ ደግሞ ከቢሮና ከጦር ሰፈር ሌላ ነገር ያስፈልገዋል። ኒያኩሮን በዚያ ዘመን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ። የባህል ቤት ከፖለቲካ ማሕፀን መውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የኛው ሀገር ፍቅርም በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው ጣሊያን በሩ ላይ ቆሞ ሳለ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ነበር። በዚያ የሰላም ዘመን እንደ ስካይላርክና ሬጃፍ ጃዝ ያሉ የጁባ ባንዶች የናይሮቢንና የካምፓላን የጊታር ስልት ከአካባቢው ዜማ ጋር እያዋሐዱ ከተማዋን ያስጨፍሩ ነበር። ግን አልቆየም። የሱዳኑ ፕሬዝዳንት ኒሜሪ በ1975 ዓ.ም. ደቡቡን ከሦስት ከፍለው ስምምነቱን ቀደዱት፣ ጥቂት ወራት ቆይተውም ሸሪዓን አወጁ። ጁባ ከዚያ በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ የጦር ካምፕ ሆና ኖረች። ግቢው እንደገና ነፍስ የዘራው ጥር 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ አጠቃላዩ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ነው።

ኒያኩሮን ውስጥ አዳራሽ እያለ ሰው የደጁን መድረክ ለምን ይመርጣል? ግማሹ መልስ ሙቀቱ ነው። በበጋው መጨረሻ የጁባ ቀን ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከተማዋ በቂ የመብራት መስመር ስላልነበራት መብራት በአብዛኛው የሚገኘው ከጄኔሬተር ነበር። አዳራሽ ማቀዝቀዝ ነዳጅ ይበላል፤ የማታ ነፋስ ግን በነፃ ነው። ሌላው ግማሽ መልስ ቋንቋው ይመስለኛል። ከ60 በላይ ብሔረሰብ ባለበት አገር የመንግሥት ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው፤ የገበያው፣ የመንገዱና የመድረኩ ቋንቋ ግን የጁባ ዓረብኛ ነው። ሲልቨር ኤክስን የመሰለ ዘፋኝ የሚያዜመው፣ ኪልኪሉ አና የተባለው የኮሜዲ ትርኢትም ሰውን የሚያስቀው በዚሁ ቋንቋ ነው። ኮንዮ ኮንዮ ላይ ለዋጋ ክርክር የተማርነው ቋንቋ ኒያኩሮን ላይ ለቀልድ ይውላል። ቀልድ ደግሞ ከዋጋ ክርክር ይከብዳል፤ አብሮ የሚስቅ ሰው የሌላውን ኑሮ ማወቅ አለበትና።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ታዲያ ምን ፈየደ?» የሚል አይጠፋም፣ ጥያቄውም ተገቢ ነው። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ሰው በጎሳው ተለይቶ ሲገደል፣ አንድ ግቢ ውስጥ አብሮ የጨፈረው ወጣት ማንንም አላዳነም። እውነት ነው። ነገር ግን እነዚያን ጦርነቶች የጀመሩት በትኬት የገቡ ታዳሚዎች ሳይሆኑ መሣሪያና ደመወዝ የሚያከፋፍሉ አለቆች ናቸው፤ መድረክን በጦር ሰፈር ሚዛን መመዘን ፍርደ ገምድልነት ነው። የሚመዘነው ተኩሱ ሲበርድ ሰው ተመልሶ የሚገናኝበት ቦታ በመኖሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ «አና ታባን» በሚል ስም የተሰባሰቡት አርቲስቶች «ደክሞኛል» ብለው በሙዚቃና በጎዳና ቴአትር ጦርነቱን ሲቃወሙ ከባዶ አልተነሱም፤ ከመድረክ የሚያውቃቸው ተመልካች ነበራቸው። ሌላው ተቃውሞ ንጹሕ ውኃና አስፋልት ያልተዳረሰበት ከተማ ለዘፈን ገንዘብ አያጥፋ የሚለው ነው። ይህኛው ብዙም አያሳስበኝም፤ ግቢው የተሠራው የዛሬ ግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ነው፣ ዘፈኑ ቢቀርም የውኃ ቧንቧ አይዘረጋም።

መልስ ያላገኘሁለት የመግቢያው ዋጋ ነው። የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በየጊዜው እየወረደ ሲሄድ ከካምፓላ ወይም ከናይሮቢ ዘፋኝ የሚያስመጣ አዘጋጅ በዶላር አስቦ ትኬት ይቆርጣል። ያን ትኬት የኮንዮ ኮንዮ ነጋዴ ይገዛው ይሆናል፤ ዕቃውን ከመኪና የሚያራግፈው ተሸካሚና መንገድ ዳር ሻይ የምታፈላው ሴት ግን አይገዙም። ስለዚህ ከላይ የተናገርኩለት መቀላቀል በሩ ላይ ይቆረጣል። አዘጋጁን መውቀስ አይቻልም፤ ነጋዴ ነውና። ይህ ግቢ ግን የተሠራው በሕዝብ ስም ነው። በዓመት ውስጥ ጥቂት የበጋ እሑዶች በሩ ያለ ክፍያ ቢከፈትና የከተማዋ ባንዶች ቢጫወቱበት ለማዕከሉ ትልቅ ኪሳራ አይሆንም፤ የጄኔሬተር ነዳጁን ደግሞ እዚያው ግቢ የሚሸጠው መጠጥ ሊሸፍነው ይችላል።