ድንጋይ ያልሆነው «የላይተር ድንጋይ»

በይጁቤም ሆነ በደብረ ማርቆስ ሱቆች የሚሸጠውን፣ በአውራ ጣት የሚሽከረከር ጥርስ ያለውን ላይተር ልብ ብለን እንመልከት። ከጥርሱ ሥር ተቀምጣ ፍንጣሪ የምታወጣውን ቅንጣት ሁላችንም «የላይተር ድንጋይ» እንላታለን። ሆኖም ድንጋይ ሳትሆን ብረት አስተኔ ናት። ዋና አካሏ ሴሪየም ይባላል፤ አቶማዊ ቁጥሩ 58 ሲሆን፣ በፔሪየዲክ ሠንጠረዥ ግርጌ ከሰፈሩትና ተማሪ ለፈተና ብቻ ከሚያስታውሳቸው «ብርቅዬ መሬቶች» አንዱ ነው።

ስያሜው አሳሳች ነው። «መሬት» የተባሉት የጥንት ኬሚስቶች ኦክሳይዶችን በዚህ ስም ይጠሩ ስለነበር ነው። ብርቅነቱም ቢሆን እውነት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1803 የተገኘው ሴሪየም በምድር ቅርፊት ያለው መጠን ከመዳብ ጋር ይቀራረባል። ይጁቤ የምትገኝበት የጎጃም ደጋ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ፈስሶ በረጋ ባዛልት የተሸፈነ ነው፤ በአንድ ቶን ባዛልት ውስጥም በአሥር ግራሞች የሚቆጠር ሴሪየም ይኖራል። ችግሩ መበተኑና ከሚመሳሰሉት ዘመዶቹ ለመለየት አድካሚ መሆኑ ነው።

ንጹሕ ሴሪየም ብርማ፣ በቢላዋ የሚቆረጥ ለስላሳ ነው። አየር ሲያገኘው ይደበዝዛል። ከሙቅ ውኃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጅን ስለሚለቅ፣ የተቀጣጠለ ሴሪየምን በውኃ ለማጥፋት መሞከር አደገኛ ነው። ተፍቆ የሚወጣው ብናኝ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በራሱ ይቀጣጠላል። ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1903 ከብረት ጋር ቀላቅሎ አጠነከረው፤ የላይተሩ «ድንጋይ» ከዚህ ተወለደ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የዚሁ ሰው የቀደመ ሥራ ነው። ኤሌክትሪክ ባልገባበት በየሠርጉ ዳስ ይበራ የነበረውን ማሾ የሚያስታውስ ሰው፣ ነበልባሉን የምታቅፈውን መረብም ያውቃታል። አንድ ጊዜ ከነደደች በኋላ ጣት ቢነካት ትፈርሳለች፤ ክሩ ተቃጥሎ የቀረው የኦክሳይድ አጽም ብቻ ነውና። ቬልስባኽ እ.ኤ.አ. በ1891 ያወጣው ቅምር 99 በመቶ ቶሪየም ኦክሳይድና 1 በመቶ ሴሪየም ኦክሳይድ ነበር። ቶሪየም ለብቻው ደካማ ብርሃን ይሰጣል። ሴሪየም ሲበዛ ደግሞ መረቧ ሙቀቷን በማይታይ ጨረር ስለምታባክን ትደበዝዛለች። ያቺ አንዲት እጅ ከመቶ ግን ዳሱን ሙሉ የሚያደምቅ ነጭ ብርሃን ታወጣለች።

ቶሪየም ራዲዮአክቲቭ በመሆኑ ብዙ አምራቾች በሌላው «ብርቅዬ መሬት» በኢትሪየም ተክተውታል። አሮጌ የማሾ መረብ ያለበት ቤት ቢኖር ግን የፈረሰውን ትቢያ እፍ ማለት አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል።