አልነሣም ያለ ሞተር እንዴት ይመረመራል?

የሚከተለውን አስረጂ ድርሰት በጥሞና አንብባችሁ ከሥሩ የቀረቡትን ጥያቄዎች መልሱ።

ሐኪም በሽተኛውን ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ጠንቃቃ መካኒክም የብልሽቱን ምክንያት ሳያውቅ ዕቃ አይለውጥም። አሮጌ መኪና ጠዋት ጠዋት አልነሣ ሲል ብዙ ባለንብረቶች ቸኩለው አዲስ የነዳጅ ፓምፕ ያስገጥማሉ። ገንዘባቸው ይወጣል፤ መኪናው ግን እንደ ልማዱ ያስቸግራል። ስሕተቱ የሚመነጨው ምልክትን እንደ ምክንያት ከመቁጠር ነው።

የቤንዚን ሞተር ለመነሣት ነዳጅ፣ አየርና የእሳት ብልጭታ ያስፈልጉታል። ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳል። በመጀመሪያ ሞተሪኖው ሞተሩን በሚገባ ማዞሩ ይታያል፤ የሚያዞረው በዝግታ ከሆነ ባትሪውና ገመዶቹ ይፈተሻሉ። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ብልጭታ መስጠታቸው ይረጋገጣል። እነዚህ ደኅና ከሆኑ ወደ ነዳጁ መንገድ መሻገር ይቻላል።

ለምሳሌ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተመረተችውን፣ በተለምዶ «ቮልስ» የምትባለውን ትንሿን ቮልስዋገን እንውሰድ። የቤንዚን መያዣዋ ከፊት፣ ሞተሯ ከኋላ ነው። ካርቡሬተር ባላቸው ሞዴሎች ፓምፑ በሞተሩ ኀይል እየተንቀሳቀሰ ቤንዚኑን በረጅም ቱቦ ስቦ ወደ ካርቡሬተሩ ይገፋዋል። ግፊቱ ሲያንስ ጥፋቱ በዚህ መንገድ በየትኛውም ስፍራ ሊገኝ ይችላል። የተሰነጠቀ ቱቦ ቤንዚን ባያፈስ እንኳ አየር ያስገባል። የተደፈነ ፊልትሮ ነዳጁን ስለሚያሳንሰው መኪናው ዳገት ላይ ይደክማል። የመያዣው ክዳን ላላ ሲደረግ ሞተሩ ከበረታ፣ የአየር መግቢያው ተዘግቷል ማለት ነው። የሞተሩ ዘይት ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ በፓምፑ ውስጥ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ ሊሆን ይችላል።

ይሁን እንጂ ግምት ማረጋገጫ አይሆንም። የግፊት መለኪያ በፓምፑና በካርቡሬተሩ መካከል ይገጠምና የሚነበበው ቁጥር በአምራቹ መመሪያ ላይ ከሰፈረው ጋር ይነጻጸራል። ካርቡሬተር ባላቸው መኪናዎች ግፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ባር በታች ነው፤ ነዳጅ በመርጨት በሚሠሩት ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 ባር ይበልጣል። ስለዚህ ለአንዱ ዝቅተኛ የሆነው ለሌላው ትክክለኛ ነው። ሞተሩ እንደጠፋ ግፊቱ ወዲያው ከወረደ፣ ቤንዚኑ ወደ ኋላ እየተመለሰ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች መለካቱን ትተው ቤንዚን በካርቡሬተሩ አፍ ያፈሳሉ። ይህ እጅግ አደገኛ ልማድ ነው። ሞተሩ ነበልባል ቢተፋ ፊትና እጅ ይቃጠላል፤ መኪናውም ሊጋይ ይችላል። የነዳጅ መሥመር የሚፈታው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከሲጋራና ከማንኛውም እሳት ርቆ ነው።

በተራ የሚመረምር ሰው ዕቃ የሚገዛው የጎደለውን ካወቀ በኋላ ስለሆነ፣ ገንዘቡንም አካሉንም ከጉዳት ያድናል።

ጥያቄዎች

1. በድርሰቱ ውስጥ «ምልክት» እና «ምክንያት» በምን ይለያያሉ? ሁለት ምሳሌ ስጡ።
2. «ይሁን እንጂ» እና «ስለዚህ» የትኞቹን ሐሳቦች አያያዙ? በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።
3. በቤታችሁ የሚገኝ አንድ መሣሪያ ሲበላሽ ምርመራው ከምን ተጀምሮ በምን እንደሚያበቃ በቅደም ተከተል የሚያስረዳ አንድ አንቀጽ ጻፉ።