«አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም
— በውኃ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ብረቶች እንዴት ይመረመራሉ? —

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ስለ መጠጥ ውኃ ንጽሕና ሲነሳ በቅድሚያ የሚታሰበው ተቅማጥ የሚያስከትለው ረቂቅ ተሕዋስ ነው። ቀዳሚው ሥጋትም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ እርሳስና ካድሚየም በውኃ ውስጥ ሟምተው ሲገኙ በዓይን አይታዩም፤ ውኃውን ማፍላትም አያስወግዳቸውም። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ፣ ካድሚየም ኩላሊትን ይጎዳል።

ጉዳዩ የከተማ ነዋሪ ብቻ አይደለም። ፋብሪካዎች የበዙባትን ደብረ ብርሃንን አልፎ የሚሄደው የበረሳ ወንዝ ከጀማ ይቀላቀላል፤ ጀማም በመርሐቤቴ ሥር አልፎ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ላይኛው የጣለውን ታችኛው ይጠጣዋልና ውኃውን ማስመርመር አስተዋይነት ነው። በአዲስ አበባ በሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠል አትክልቶች ውስጥ ያሉትን ብረቶች ፍስሐ ኢታና መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2002 ማሳተማቸው ይታወቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያወጣው የእርሳስ ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ይህም 1 ግራም እርሳስ ባለ 20 ሊትር በሆኑ 5,000 ጀሪካኖች ውኃ ውስጥ እንደ መበተን ይቆጠራል። በነበልባል የሚሠራው የተለመደ የብረት መለኪያ መሣሪያ ይህን ያህል ትንሽ መጠን በትክክል ለመለየት ይቸገራል። ስለዚህ ባለሙያዎች ብረቱን አስቀድመው ያከማቹታል።

ለዚህ የሚያገለግለው ኪሌቲንግ ሬዚን የሚባል የሙጫ ቅንጣት ነው። አንጥረኛ የጋለ ብረት በጉጠት ቆንጥጦ እንደሚይዝ ሁሉ፣ ቅንጣቱም እርሳስን፣ ካድሚየምንና መዳብን ቆንጥጦ ያስቀራል። የጎምዛዛነቱ መጠን የተስተካከለ 1 ሊትር ውኃ ሙጫው በታጨቀበት ቀጭን ቱቦ ውስጥ በዝግታ ይወርዳል። ቀጥሎ 10 ሚሊ ሊትር አሲድ ሲፈስበት የተያዘው ብረት ተላቆ ይወጣል። 1 ሊትሩ ወደ 10 ሚሊ ሊትር ስለ ወረደ ብረቱ 100 እጥፍ ይጎላል፤ መሣሪያውም ያነበዋል። አርሴኒክ ግን በዚህ ሙጫ ስለማይያዝ የተለየ ምርመራ ይጠይቃል።

ብረቱ 100 እጥፍ ሲጎላ ከዕቃ የገባው እድፍም አብሮ ይጎላል። በቆርቆሮ ባልዲ ወይም ዘይት በነበረበት ጀሪካን የተቀዳ ናሙና ንጹሑን ምንጭ ሊያስኮንን ይችላል። በመሆኑም የገበሬ ማኅበር መሪዎች ናሙና ሲወሰድ የሚከተሉትን ማስጠበቅ ይገባቸዋል፤

1ኛ/ ናሙናው የሚቀዳው ላቦራቶሪው በአሲድ አጥቦ በላከው የፕላስቲክ ጠርሙስ ብቻ ይሁን፤ የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል በእጅ አይነካ።

2ኛ/ የእጅ ፓምፕ ከሆነ በቧንቧው ውስጥ ያደረው ውኃ እስኪያልቅ ድረስ ተስቦ ይፍሰስ፤ የቧንቧው ዚንክና ዝገት ውጤቱን ያዛባልና።

3ኛ/ እርሳስ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እንዳይለጠፍ መጠበቂያውን አሲድ ባለሙያው ይጨምር፤ አሲዱ ከሕፃናት ይራቅ።

4ኛ/ ከላቦራቶሪ የመጣ ንጹሕ ውኃ የያዘ አንድ ጠርሙስ በዚያው ቦታ ተከፍቶ ይዘጋና አብሮ ይላክ። በእርሱም ውስጥ ብረት ከተገኘ ጥፋቱ የምንጩ ሳይሆን የአያያዙ ሊሆን ይችላል።

ውጤቱ ሲመጣ «እርሳስ፦ አልተገኘም» የሚል ቃል ብቻ አንብቦ ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ ማስገባት አይበቃም። መሣሪያው እስከ ስንት ማይክሮግራም ዝቅ ብሎ ያነባል? ናሙናው በሙጫ ተከማችቶ ነበር ወይ? ብሎ መጠየቅ የመሪው ድርሻ ነው። እስከ 50 ብቻ ለሚያነብ መሣሪያ 30 ማይክሮግራም «አልተገኘም» ነው፤ ለሕፃኑ ግን ከወሰኑ ሦስት እጥፍ ነው።