አክሲዮን የገዛ ሰው መሸጥ ሲፈልግ

በብዙ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከቤት ካርታና ከልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ጋር፣ አንድ የአክሲዮን ሰነድ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ባለቤቱ የባንክ ባለድርሻ ነው። በየዓመቱ ለጠቅላላ ጉባኤ ይጠራል፣ የትርፍ ድርሻው ይደርሰዋል። ልጅ ሲታመምበት ወይም የጀመረው ቤት ገንዘብ ሲያጥረው ግን ያንን ወረቀት ለማንና በስንት እንደሚሸጥ አያውቅም። የአክሲዮን ገበያ ይከፈት ሲባል የኖረው ስለዚህ ሰው ነው።

አክሲዮን ራሱ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በብሔራዊ ባንክ አማካይነት የኩባንያ ድርሻ የሚሸጥበትና የሚገዛበት አነስተኛ ገበያ ነበር። በ1967 ደርግ ባንኮችንና ፋብሪካዎችን ሲወርስ እሱም አብሮ አከተመ። የግል ባንክ በአዋጅ የተፈቀደው በ1986 ነው፤ በዓመቱ አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተመሠረተ። ሌሎችም ተከተሉ፤ ነጋዴው፣ መምህሩና ጡረተኛው እየተጠራሩ ገዙ። አክሲዮን ማኅበሩ ተመለሰ፣ ገበያው ግን ለ30 ዓመታት ሳይመለስ ቆየ። መሸጥ የፈለገ ሰው በዘመድ፣ በደላላ ወይም በባንኩ የአክሲዮን ክፍል በኩል ገዢ ሲያፈላልግ ኖረ። ዋጋውን የሚያውቁት የተስማሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ታዲያ ሰው እያወቀ ለምን ገዛ? ቁጠባው ዓይኑ እያየ ስለሚሟሟበት ነው። ከጥቅምት 2010 ጀምሮ ባንኮች ለቁጠባ እንዲከፍሉ የተወሰነው ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አለፈ። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ በዓመቱ 107 ሺህ ይቆጥራል፤ በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን 130 ሺህ ተሻግሯል። መሬት አቅም ይጠይቃል። እቁብ ገንዘብ ያሰባስባል እንጂ አያራባም። እንዲህ ባለ ጊዜ "30 በመቶ ያከፋፍላል" የተባለ ባንክ ሲገኝ የማይሄድ ማን ነው?

እዚያ ላይ ግን ብዙዎች የሚስቱት ስሌት አለ። 30 በመቶው የሚሰላው ሰነዱ ላይ በተጻፈው ዋጋ ነው። የ1,000 ብሩን ድርሻ 1,500 ከፍሎ የገዛ ሰው 300 ብር ሲደርሰው ያገኘው ካወጣው 20 በመቶውን ነው። በዚያ ላይ ብሔራዊ ባንክ በ2013 የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳደገ። ባለአክሲዮኑም ትርፉን በእጁ ከመቀበል ይልቅ ተጨማሪ ድርሻ እንዲገዛበት መጠየቅ ጀመረ። መጨመር ያልቻለው ድርሻው ከጠቅላላው አንጻር እያነሰ ይሄዳል። ይህ በግልጽ የማይነገረው አነስተኛ ገቢ ላለው ባለድርሻ መሆኑ ያሳዝነኛል።

የካፒታል ገበያ አዋጅ፣ ቁጥር 1248/2013፣ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቋመ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 በይፋ ተከፈተ። መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው፤ ገዳ ባንክ ተከተለው። ከእንግዲህ ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል ይሸጣል፣ ይገዛል፤ ዋጋውን ሁሉም ያየዋል።

በዚያው ሰሞን ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በቴሌብር ለሕዝብ አቅርቦ ነበር። አንዱ ድርሻ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 ድርሻ ወይም 9,900 ብር ነበር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን ድርሻ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ሲሆን የገዢዎቹ ቁጥር ከ47 ሺህ በላይ ነበር። ብዙ የተከራከርነው 300 ብር ይወደዳል ወይስ ይረክሳል በሚለው ነበር። እኔ ግን "ቢቸግረኝ መቼ፣ የት እሸጠዋለሁ?" የሚለው ጥያቄ የባሰ ከባድ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ለገዢው ቁርጥ ያለ መልስ አልነበረውም።

ገበያው መከፈቱም ችግሩን በአንድ ጀምበር አይፈታውም። የተመዘገቡት ኩባንያዎችና ተገበያዮቹ ጥቂት በሆኑበት ቦታ ሰሌዳው ላይ የሚታየው ዋጋ ሻጭ እጁ የሚያስገባው ዋጋ ላይሆን ይችላል፤ የቸኮለ ሻጭ ባገኘው ይሸጣል። ስለዚህ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የቤት ኪራይና የሕክምና መጠባበቂያ ዝቅተኛም ቢሆን ወለድ እየታሰበለት ባንክ ይቀመጥ። አክሲዮን የሚገዛው ለዓመታት በማይነካ ገንዘብ ነው። እሱም ቢሆን በአንድ ባንክ ላይ ብቻ አይከመርም፤ ሦስት ባንክ የያዘም ቢሆን ያው አንድ ዘርፍ ላይ ነው ያለው።

ወረቀቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለበት ሰው ዛሬ ሊያደርገው የሚችል ነገር አለ። በገበያው የሚሸጥ ድርሻ ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ መዝገብ ይዛወራል። ስለዚህ ሰነዱን አውጥቶ ስሙ፣ የአባቱና የአያቱ ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል ሳይቀር መግጠሙን ይይ፤ ካልገጠመ ሳይቸግረው በፊት ወደ ባንኩ የአክሲዮን ክፍል ይሂድ።